ልጄ 18 ሞላው፣ የውትድርና ምዝገባ ደብዳቤም መጣለት። መምረጥ ግን አይችልም

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

ልጄ ባለፈው ወር 18 ዓመት ሞላው። ኬኩን ከቆረስን ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ በስሙ ደብዳቤ መጣ። ላኪው ሰሌክቲቭ ሰርቪስ ይላል። የባንክ ነገር መስሎኝ ከፈትኩት። ስለ ውትድርና ምዝገባ መሆኑን ሳይ እግሬ ከዳኝ። እዛው ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን በአፈሳ ነው ያጣሁት። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ዞረች። ማሰልጠኛ ገብቷል ተባለ። ከዚያ ሰሜን ሄዷል ተባለ። ከዚያ በኋላ ምንም የሰማነው የለም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በር ሲንኳኳ ከሁላችንም ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች።

ደብዳቤውን አጣጥፌ በርበሬ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ እስካሁን አላየውም።

አሁን ጥያቄዬ። ይሄ ነገር ግዴታ ነው ወይ? ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝ ነው። በዲቪ ከመጣን አራት ዓመታችን ነው፣ ገና ሲትዝን አልሆንንም። ልጄ መምረጥ አይችልም። መምረጥ የማይችል ልጅ ለጦርነት ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በምን ሂሳብ ነው? ዴሞክራሲ የሚሉት ይሄ ነው?

ዲቪ_2016

እናቴ፣ አይዞዎት። እኔም በ19 ዓመቴ ስመጣ ይሄው ደብዳቤ ደርሶኛል። መጀመሪያ የሚያስጨንቀውን እንጨርስ።

ምዝገባው ግዴታ ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ይመዘገባል። ሲትዝን ይሁን፣ ግሪን ካርድ ይኑረው፣ ወረቀትም ባይኖረው። የተማሪ ቪዛ ላይ ያሉ አይመለከታቸውም። ሴቶችም አይመዘገቡም። ልደቱ በዋለ በ30 ቀን ውስጥ ነው የሚባለው፣ ቢዘገይም 26 እስኪሞላው ድረስ ይቀበሉታል። ብቸኛ ወንድ ልጅ መሆን ከምዝገባ አያስቀርም። ብዙ አበሻ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ግን መመዝገብ ማለት መዝመት አይደለም። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የሶሻል ቁጥር፣ አለቀ። ስልክ ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በር አንኳኩቶ የሚወስደው ሰው የለም። አሜሪካ በግዴታ ወታደር መውሰድ ያቆመችው በፈረንጅ 1973 ነው። ልመልሰው ብትል ኮንግረስ ሕግ ማውጣት፣ ፕሬዚዳንቱም መፈረም አለበት።

ሳይመዘገብ ቢቀር ነው ጣጣው። ሲትዝን ለመሆን ሲያመለክት ፎርሙ ይጠይቀዋል። 26 ካለፈው በኋላ ደግሞ ልመዝገብ ቢል አይቻልም። አንድ የማውቀው ልጅ ሳያውቅ አልፎት፣ ሆን ብሎ እንዳልተወው ለማስረዳት ብዙ ወራት ወረቀት ሲያሰባስብ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ከመሳቢያው ይውጣ።

አስተማሪዋ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እህቴ፣ "መምረጥ የማይችል ሰው ለምን ይዘምታል?" የሚለውን ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆታል። እንደኔ እንደኔ፣ እዚህ አገር ድምፅ የመስጠት መብት እንዴት እንደሰፋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለበት።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ። አናፖሊስ ከቤትሽ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ያለውን የስቴት ሃውስ ግቢና እይው። በ1783 ዲሴምበር 23 ቀን ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን ለኮንግረስ የመለሰው እዚያ ነው። እንግሊዝን አሸንፏል። ሠራዊቱ ይወደዋል። ንጉሥ ልሁን ቢል ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን ተራ ሰው ሆኖ ወደ እርሻው ለመመለስ መጣ። በዓይኑ ያየ የኮንግረስ አባል ለእጮኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ ንግግሩን ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ይናገራል። ስለ መኮንኖቹ ሲናገርማ ወረቀቱን በሁለት እጁ መደገፍ ነበረበት። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል። ተማሪዎቼን በየዓመቱ እወስዳቸዋለሁ። ክፍሉ ትንሽ ነው። እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ጠመንጃ የያዘው ክፍል ጠመንጃ ላልያዘው እጅ ነሳ። ይሄን ስነግራቸው ልቤ ሁሌም ይሞላል። እኛ ወታደር ቤተ መንግሥት ሲገባ ያየን ሰዎች ነን።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ኒውበርግ በሚባል ሰፈር ደመወዝ ያልተከፈላቸው መኮንኖች ኮንግረስን ሊያስፈራሩ ይዶልቱ ነበር። ዋሽንግተን መሃላቸው ገባ። ደብዳቤ ሊያነብላቸው ሲል አላይ አለው። ከኪሱ መነጽር አወጣ። መነጽር አድርጎ አይተውት አያውቁም። "በአገልግሎታችሁ ፀጉሬ ሸበተ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ እየጠፋ ነው" አላቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አድማው እዚያው ከሸፈ።

አገሪቱን የመሠረቱት ሰዎች ቋሚ ሠራዊትን በጣም ይፈሩ ነበር። ለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ የሰጠው። ለሠራዊት የሚመደብ ገንዘብም ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይሆን ከልክሏል። የሚተማመኑት በዜጋው ወታደር ነበር። ገበሬው ማረሻውን ጥሎ ይዘምታል፣ ሲያበቃ ወደ ማረሻው ይመለሳል። የኛ አባቶች ክተት ሲባል እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

ችግሩ ያለው "ዜጋ ማነው?" የሚለው ላይ ነው። የ1792ቱ የሚሊሺያ ሕግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለ ነጻና ነጭ ወንድ ብሎ ወሰነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውጪ መሆን ከዜግነት ውጪ መሆን ነበር። አንቺን ልጅሽ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ አስፈራሽ። ያኔ ጥቁሮች የሚታገሉት ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ነበር።

ታሪክ_ወዳድ

አስተማሪዋ ያቆመችበት ላይ ልቀጥል። ስለ 1863 ሳላወራ ማደር አልችልም።

በዚያ ዓመት፣ አገሪቱ በባርነት ጉዳይ ሰሜንና ደቡብ ተከፍላ እርስ በርስ ስትዋጋ፣ የሰሜኑ መንግሥት የግዴታ ውትድርና አወጀ። ግን 300 ዶላር የከፈለ ይቀራል። ወይ በምትኩ ሌላ ሰው ይልካል። 300 ዶላር ያኔ የአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ገደማ ነው። ኋላ ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆነው ግሮቨር ክሊቭላንድ ለአንድ ፖላንዳዊ ስደተኛ 150 ዶላር ሰጥቶ በምትኩ አዝምቶታል። "የሀብታም ጦርነት፣ የድሃ ፍልሚያ" የሚለው አባባል ያኔ ነው የተለመደው። ደቡቡም ከዚህ አይሻልም። 20 ባሪያ ላለበት እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ ይቀር ነበር።

ጁላይ 13 ቀን ኒውዮርክ ነደደች። ድሃ ነጮች፣ አብዛኞቹ አየርላንዳውያን፣ የምልመላውን ቢሮ አቃጠሉ። ቁጣቸው ግን ሕጉን ባወጡት ላይ አላቆመም፣ ወደ ጥቁሮች ዞረ። ሰው መብራት ምሰሶ ላይ ሰቀሉ። አምስተኛው ጎዳና ላይ የነበረውን የጥቁር ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ በእሳት ለቀቁት። 233ቱ ሕፃናት በጓሮ በር በሕይወት ወጡ። በአራት ቀን ከ100 ሰው በላይ ሞተ።

በዚያው ሳምንት፣ ጁላይ 18 ቀን፣ 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፎርት ዋግነር የሚባለውን ምሽግ በአሸዋው ላይ እየሮጠ ወጋ። ወታደሮቹ ጥቁሮች ናቸው። በአንድ ወገን ላለመዝመት ከተማ ይቃጠላል፣ በሌላ ወገን ለመዝመት የለመኑ ሰዎች ምሽግ ሥር ይወድቃሉ። ዊልያም ካርኒ የሚባለው ሳጅን ቆስሎ ባንዲራውን መሬት ሳያስነካ ተመለሰ። የጀግንነት ሜዳሊያውን የሰጡት በ1900 ነው። 37 ዓመት ቆይተው ማለት ነው።

ደመወዛቸውንም ስሙ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኛል። ጥቁሩ 10 ዶላር፣ ከዚያ ላይ 3 ለልብስ ተቆርጦ 7 ይደርሰዋል። 54ኛው "በሙሉ ካልሆነ አንቀበልም" አለ። የማሳቹሴትስ መንግሥት ልዩነቱን እኔ ልሙላ ቢላቸውም እምቢ አሉ። 18 ወር ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ቤት ልጆቻቸው እየተራቡ። ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ የሚባለው ኮርፖራል ለፕሬዚዳንት ሊንከን በቀጥታ ጻፈ፦ "ወታደሮች ነን ወይስ የጉልበት ሠራተኞች?" ብሎ። ኮንግረስ በ1864 ሰኔ ላይ እኩል እንዲከፈል ወሰነ። ጉዲንግ ግን አልደረሰበትም። ተማርኮ ነበር፣ በዚያው ክረምት አንደርሰንቪል በሚባለው እስር ቤት ሞተ።

ከባርነት አምልጦ የነጻነት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጥቁሮች እንዲዘምቱ ሲቀሰቅስ ያለው ይሄንኑ ነው። ጥቁሩ ሰው "ዩ ኤስ" የሚሉትን የናስ ፊደላት ልብሱ ላይ ካደረገ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ካነገተ፣ ዜግነት አይገባውም ሊለው የሚችል ኃይል በምድር ላይ የለም አለ። 180,000 ያህል ጥቁሮች በሠራዊቱ ተዋጉ። ከጦርነቱ በኋላ ዜግነትና የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ ተጻፈላቸው።

ሲያትል

ተጻፈላቸው፣ ከዚያስ? ደቡቡ ውስጥ መቶ ዓመት ተከለከሉ። ለምን ግማሹን ትነግሩናላችሁ?

ታሪክ_ወዳድ

ልክ ነህ ወንድሜ። ተቀማ። ግን የተጻፈ ነገር ሲቀማ፣ ቀማኛ መኖሩ ይታወቃል። ኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓደኞቹ የቆሙበት መሬት ያ ጽሑፍ ነው።

የቃኘው ልጅ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፣ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ያቅተኛል።

አባቴ ኮሪያ ዘምተዋል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በፈረንጅ 1951 ግንቦት ፑሳን ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው የገባው። ከእኛ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባቴ ደጋግመው የሚያነሱት ግን ሌላ ነገር ነበር።

እሳቸው እንደሚሉት፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስንቅ ያመላልስላቸዋል። አንድ ቀን ጎማ ተንፍሶበት አባቴ አገዙት። ሲጨርሱ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲጋራ ሰጣቸው። በምልክትም በተሰባበረ እንግሊዝኛም ተግባቡ። የእኛ መኮንኖች ጥቁር ሆነው ሲያዝዙ ማየቱ አስደንቆት ነበር። ከዚያ ስለ አገሩ ነገራቸው። ወታደር ነኝ፣ ደሜን እሰጣለሁ፣ አገሬ ስገባ ግን ድምፅ መስጫው በር ላይ ይመልሱኛል አለ። አባቴ መጀመሪያ የቋንቋ ስህተት መስሏቸው ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

ፕሬዚዳንት ትሩማን ሠራዊቱ በቀለም እንዳይከፈል ያዘዘው በ1948 ነው። ኮሪያ ላይ ግን ገና በሥራ እየተተረጎመ ነበር። 24ኛ እግረኛ ሬጅመንት የሚባለው የጥቁሮች ጦር የፈረሰው በ1951 ጥቅምት ነው፣ አባቴ እዚያው ሳሉ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ሰልፍ ምግብ ሲቀበል ያዩት እዚያ፣ ጦር ሜዳ ነው። ያው ወታደር ከባህር ማዶ ሲመለስ ግን ለየብቻ ይቀመጣል።

እኛም ብንሆን ለምክር ቤት እንደራሴ መምረጥ የጀመርነው በፈረንጅ 1957 ነው፣ ያውም ያለ ፓርቲ። አባቴ ኮሪያ ሲዋጉ መርጠው አያውቁም። ይሄን የምለው ሌላውን ብቻ እንዳንወቅስ ነው።

አስተማሪዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሹፌሩ ያሉትን ነገ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፣ ይፍቀዱልኝ።

የትሩማን ትእዛዝ ከየት እንደመጣ ልጨምር። በ1946 ፌብሩዋሪ 12 ቀን አይዛክ ዉዳርድ የሚባል ሳጅን ከሠራዊት ተሰናብቶ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተሰናበተ ሰዓታት ብቻ ነው ያለፈው። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገረ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ባትስበርግ ላይ አስወረዱት። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ በዱላ ዓይኖቹን መታው። ሁለቱም ጠፉ። አዛዡ ተከሰሰ፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት በነጻ ለቀቀው። ትሩማን ይሄን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ ይባላል። እሱ ራሱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘማች ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱት የወጣውን ጂ አይ ቢል የሚባለውን ሕግም ሰው ሲያወድሰው ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ 7.8 ሚሊዮን ሰው በእሱ ተምሯል ወይ ሙያ ሰልጥኗል። የአሜሪካን መካከለኛ ኑሮ የሠራው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ግን ማን ደረሰው? ሚሲሲፒ ውስጥ በ1947 ለዘማቾች ዋስትና ከተሰጠባቸው 3,229 ብድሮች ለጥቁር የደረሱት 2 ብቻ ናቸው። ሁለት!

ኦርላንዶ

እኔ ፖርቶሪካውያን መሃል ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ቬተራን ነው። ስለዚህች እናት ጥያቄ ነገርኩትና ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱ ጨለመ። ለፖርቶሪኮ ሰዎች ዜግነት የተሰጣቸው በ1917 መጋቢት ነው። የግዴታ ውትድርናው ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት ግንቦት። እስከ ዛሬ ደሴቲቱ ላይ የሚኖር ሰው ለውትድርና ይመዘገባል፣ ፕሬዚዳንት ግን አይመርጥም። ጎረቤቴ ፍሎሪዳ ስለመጣ ይመርጣል። ወንድሙ እዚያው ስለቀረ አይመርጥም። ሁለቱም ዘምተዋል።

የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ደግሞ 12,000 ያህል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘምተው፣ ለሁሉም ዜግነት የተሰጣቸው በ1924 ነው። ስለዚህ እህታችን ያነሳችው በደል ብርቅ አይደለም። ያሳዝናል ግን ብርቅ አይደለም።

ሲያትል

ይሄ ሁሉ ታሪክ ያማል፣ ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። እንደምትሉት ከሆነ መብት በደም ይገዛል። ለምን? ድምፅ የመስጠት መብት ሰው በመሆንህ ነው የሚገባህ። ወታደር ያልሆነች ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፣ መግደል አልፈልግም የሚል ሰው፣ ያነሰ ዜጋ ነው?

ሙሐመድ አሊ በ1967 አልዘምትም አለ። ቀበቶውን ነጠቁት። በምርጥ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ቦክስ ሳይገጥም ቀረ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ነጻ አወጣው። እሱም አገሩን አገልግሏል እላለሁ። መንግሥት ሲሳሳት እምቢ ያለ ዜጋ ከሌለ ዴሞክራሲው ምኑ ላይ ነው?

ለቬትናም ጦርነት ማን እንደሚዘምት ስለተጣለው ዕጣ ደግሞ ታውቃላችሁ? ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ። 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ቢልቃጦች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን። ትልቅ መስታወት ማሰሮ ውስጥ ተገለበጡ። የመጀመሪያው ሲወጣ ሴፕቴምበር 14 ነበር። በእኛ መስከረም 4፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ከ1944 እስከ 1950 በዚያ ቀን የተወለደ ወጣት ሁሉ አንደኛ ተጠሪ ሆነ። እናቶች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የልጃቸውን ልደት ሲጠብቁ አስቡት። ያውም ቢልቃጦቹ በደንብ አልተማሱም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ብዙዎቹ ቀድመው ወጡ።

ዕጣው የመጣውም ፍትሕ ለማስፈን ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት ኮሌጅ የገባ ይቀር ነበር። ኮሌጅ የሚገባው ማን ነው? ገንዘብ ያለው። 300 ዶላሩ በሌላ መልክ መጣ።

አስተማሪዋ

ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ መብት በደም መገዛት የለበትም። ግን ከዚያው ቬትናም የመጣውን ስጦታ አትርሳ። ያኔ በአብዛኛው ግዛት ለመምረጥ 21 መሙላት ነበረበት። በ18 ዓመቱ ሊገደል የሚላክ ልጅ የላኩትን ሰዎች መምረጥ አይችልም። "ለመዋጋት ከደረስኩ ለመምረጥም ደርሻለሁ" የሚለው ጩኸት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የነበረ ነው፣ ቬትናም ላይ ግን ፈነዳ። የመምረጫ ዕድሜን 18 ያደረገው 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1971 መጋቢት ከኮንግረስ ወጥቶ ጁላይ 1 ላይ በግዛቶቹ ጸደቀ። መቶ ቀን ገደማ። እንደሱ በፍጥነት የጸደቀ ማሻሻያ የለም።

እህቴ፣ ይሄ ለአንቺ ነው። ልጅሽ ሲትዝን በሆነ ማግስት፣ 21 ሳይሞላው፣ ድምፅ መስጠት የሚችለው በእነዚያ ልጆች ምክንያት ነው። ደብዳቤውና የድምፅ መስጫው ወረቀት ከአንድ ቤት ነው የወጡት።

ፎርት_ጃክሰን

እኔ ወታደር ነኝ፣ ስለዚህ ከውስጥ ልናገር። በዲቪ መጥቼ፣ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ በፈቃዴ ነው የገባሁት። መሠረታዊ ሥልጠናዬን ደቡብ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን ነው የወሰድኩት። ሲትዝን የሆንኩት በሠራዊቱ በኩል ነው። ከ2001 ጥቃት በኋላ በወጣ ትእዛዝ ወታደር አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። የዜግነት መሐላዬን ስፈጽም ከጎኔ የናይጄሪያ፣ የሜክሲኮና የፊሊፒንስ ልጆች ነበሩ። የደንብ ልብሳችንን ለብሰን።

ሌላው መሐላ፣ ስትገቡ የምትምሉት፣ ሕገ መንግሥቱን ልጠብቅ ነው የሚለው። ፕሬዚዳንቱን ልጠብቅ አይልም። ትእዛዙን እንደምትፈጽም ትምላለህ፣ ግን አስቀድሞ ሕገ መንግሥቱ ነው የሚመጣው። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ወታደር ለማን ሲምል እንደኖረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በፈቃድ መሆኑ ደስ ይለኛል። አጠገቤ ያለው ሰው መሆን ፈልጎ ነው ያለው። ያለፍላጎቱ የመጣ ሰው ከጎኔ ምሽግ ውስጥ እንዲሆን አልፈልግም። ይቅርታ።

ታሪክ_ወዳድ

ወንድሜ፣ አክብሮቴ ከልብ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አብረውህ ከሰለጠኑት ስንቶቹ አባታቸው ወይ አጎታቸው ወታደር ነበር?

ፎርት_ጃክሰን

ግማሽ ያህሉ። ከዚያም ሳይበልጥ አይቀርም።

ታሪክ_ወዳድ

እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሠራዊት 1.3 ሚሊዮን ያህል ነው፣ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ያውም ከተወሰኑ ቤተሰቦችና ከተወሰኑ አካባቢዎች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኮንግረስ አባላት ከአራቱ ሦስቱ ያህል የውትድርና ልምድ ነበራቸው። ዛሬ ከአምስት አንድ እንኳን አይሞላም። አፍጋኒስታን ውስጥ 20 ዓመት ተዋጉ። አብዛኛው ሕዝብ ግን ከዜና ውጪ አልነካውም። ለልጁ የሚፈራ አባት ቢኖር 20 ዓመት ዝም ይል ነበር?

የሃርለም እንደራሴ የነበረው ቻርልስ ራንግል ይሄንኑ ነው ያለው። ኮሪያ ላይ የቆሰለ ሰው ነበር። በ2003 ከኢራቅ ጦርነት በፊት የግዴታ ውትድርና ይመለስ የሚል ረቂቅ አቀረበ። የሀብታምና የባለሥልጣን ልጅ የሚዘምት ከሆነ ጦርነት ከመጀመራችን በፊት ደጋግመን እናስባለን ብሎ። በ2004 ድምፅ ሲሰጥበት 402 ለ 2 ወደቀ። ራሱም ተቃወመው፣ ያለ ውይይት ነው ያመጣችሁት ብሎ።

የቃኘው ልጅ

ልጄ፣ የአፈሳን ነገር ያየ ሰው ፊት ግዳጅ ይመለስ ማለት ይከብዳል። ይህች እናት እዚህ አለች እኮ።

ታሪክ_ወዳድ

ልክ ነዎት ጋሼ። እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አፈሳና ይሄ አንድ አይደሉም ብዬ ነው የማስበው። አፈሳ ሕግ የለውም፣ ስምህን አይጠይቅም፣ ይግባኝ የለውም፣ የወሰደህን ሰው በድምፅ ማውረድ አትችልም። ግን ለእናት ሁለቱም ልጅ መውሰድ እንደሆኑ ይገባኛል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ማታ ማታ፣ ከሥራ ስገባ። ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ።

ደብዳቤውን ለልጄ ሰጠሁት። በርበሬ በርበሬ ይሸታል። "እማ፣ ለምን ደበቅሽው?" አለኝ። ስለ ወንድሜ ነግሬው አላውቅም ነበር፣ በሙሉ ማለቴ ነው። ነገርኩት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በባቡር ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር ሄድን። ሐሳቡ የሱ ነው። እዚህ የጻፋችሁትን እያነበብኩለት ሳለ፣ ሜድጋር ኤቨርስ እዚያ እንደተቀበረ ትምህርት ቤት መማሩን ነገረኝ። እኔ አላውቀውም ነበር። ኖርማንዲ የዘመተ ወታደር ነው። ሠራዊት ሲገባ በልጄ ዕድሜ ገደማ ነበር። ተመልሶ በ1946፣ ልክ 21 በሞላው ቀን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ከወንድሙና ከሌሎች ዘማቾች ጋር ሊመርጥ ሄደ። መሣሪያ የያዙ ነጮች መለሷቸው። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ለምርጫ ሲያስመዘግብ ኖረ። በ1963 ሰኔ ላይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከጀርባው ተኩሰው ገደሉት። ሚስቱና ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። ገዳዩ የተፈረደበት በ1994 ነው።

መቃብሩ እንደሌሎቹ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው። ሰው ከላዩ ጠጠርና ሳንቲም አስቀምጦበታል። ስሙ አለ፣ ሚሲሲፒ ይላል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይላል። ልጄ ብዙ ቆመ። እኔ ደግሞ ወንድሜን አሰብኩ። ድንጋይ የለውም። የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው የለም። የኛ ሰው መቃብር ባይሆንም ሰንበት ስለሆነ ነጠላዬን አጣፍቼ አባታችን ሆይ ደገምኩለት። ለሁለቱም።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ልጄ ስልኩ ላይ ፎርሙን ሞላ። እውነትም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከመላኩ በፊት ቀና ብሎ፣ "አጎቴ ስንት ዓመቱ ነበር?" አለኝ። "19" አልኩት።

ጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። መምረጥ የማይችል ልጅ መመዝገብ የለበትም ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ያንን ለመለወጥም መምረጥ ያስፈልጋል። አምስት ዓመታችን በሚመጣው ሚያዝያ ይሞላል።

ዲቪ_2016

እናቴ፣ እንኳን ሰጡት። የሲትዝንነት ማመልከቻውን አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። እርስዎም እሱም ለየብቻ ነው የምትሞሉት፣ ምክንያቱም እሱ 18 አልፎታል፣ በእርስዎ በኩል አያገኝም። የምዝገባ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት በፖስታ ይመጣለታል። እንዳይጣል፣ ፎርሙ ላይ ይጠየቃል። ጥር ላይ ስትሞሉ ከከበዳችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ እኔም እዚሁ ዊተን ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍት ነኝ።